ባኮ የቀረው ክፍል

ይህን ገጠመኝ የምጽፈው ሃምሳን ለተሻገራችሁና ሃምሳን የተሻገረች እናት ላላችሁ ነው። ሌላው ሰው አታንብብ አልልም፤ ሃምሳ ዓመት ለማንም አይቀርም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አምቦ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ስሜም ጥሩነሽ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። አብራኝ የምትኖረው አንዲት ልጄ ሰናይት ናት፤ ያን ጊዜ አስተማሪ ነበረች። ቁመቷን ከአባቷ፣ ምላሷን ከእኔ ወስዳለች።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ የምንሰበሰብ ጥቂት አንባቢዎች ነበርን። ሰብሳቢያችን ኦቦ ለሚ ይባላሉ (አምቦ ላይ አቶ ኦቦ፣ ወይዘሮ ደግሞ አዴ ነው የሚባለው)፤ ከዳኝነት በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው፤ ሻይ ስኳር በዛበት ብለው እንኳ የሚናገሩት ብያኔ እንደሚያነቡ ሆነው ነው። ሸምሱ ስልጤ ነው፤ ገበያው ጫፍ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። ኦቦ ፈይሳ ዕድሜ ልካቸውን ግሬደር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የጎጆ ከተማ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቶሎሳ የሚባል የእርሻ ባለሙያ ወጣትም ነበረ። እኔና ሰናይት ስንጨመር ስድስት መሆናችን ነው።

በዚያ ክረምት ሸምሱ ጨርቅ ሊያመጣ መርካቶ ወርዶ ከአሮጌ መጻሕፍት ክምር መሃል አንድ ልብ ወለድ ይዞልን መጣ። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው፤ ሽፋኑ ስለተገነጠለ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ስለ አንድ ያረጀ ሰዓት ጠጋኝ ነው የሚያወራው። ሰውየው ሚስቱ ሞታ ብቻውን ቀርቷል፤ ከመንገዱ ማዶ ዳቦ የምትጋግር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። መጽሐፉ እርጅናን እያሳቀ የሚያወራ፣ ልብ የሚያሞቅ ነበር።

ቅጂው አንድ ነው፤ እኛ ስድስት ነን። ሸምሱ ወግ በማያውቅ ምላጭ መጽሐፉን አምስት ክፍል አድርጎ ቆረጠው፤ እያንዳንዱን ክፍል በልብስ ስፌት ክር ጠረዘና በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሸፍኖ ቁጥር ጻፈበት። መጽሐፍ መቁረጥ ለሚያማችሁ አዝናለሁ፤ ታይፒስት ሆነሽ ለምን አላባዛሽውም የሚለኝ ካለ ግን ያንን ዘመን አላየውም ማለት ነው። በመንግሥት ታይፕ ከሥራ ውጪ አንድ ገጽ የመታ ሰው ምን ወረቀት ሊበትን ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ክፍሎቹን በየእሁዱ እንለዋወጣለን፤ እኔና ሰናይት አንድ ቤት ስለሆንን አንዱን እንጋራለን፤ ዕጣ የወጣበት ሰው ከመጨረሻው ክፍልም ቢሆን ይጀምራል፤ ሁሉም አንብቦ ሳይጨርስ ያነበበውን ለሌላው ማውራት ክልክል ነው።

አራተኛው ክፍል መጀመሪያ የደረሰው ቶሎሳን ነበር። በዚያው ሳምንት ልጁ ወደ ባኮ ተዛወረ ተባለና ፍራሹንና ምጣዱን በመኪና ጭኖ ሄደ። አራተኛው ክፍልም አብሮ ሄደ። ሌሎቻችን የቀሩትን አራቱን ተለዋውጠን ጨረስን፤ ውይይቱም ለመጪው እሁድ ተቀጠረ።

ውይይቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሥራ ስመለስ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ኦቦ ፈይሳ ጠብቀው አገኙኝ። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል፤ የሰው ለቅሶ ላይ ካልሆነ ቆባቸውን ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም።

«አዴ ጥሩነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ሳልጨርስ አትሂጂብኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ጃርሳ ልልክ አስቤ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌ ተልኮብሽ ከምትደነግጪ መጀመሪያ አንቺኑ ብጠይቅ ይሻላል አልኩ። እኔ ብቻዬን ነኝ። አንቺም ነገ ልጅሽ ስታገባ ብቻሽን ነሽ። ደግሞ ለብቸኝነቱ ብቻ አይደለም፤ ስትናገሪ መስማት ደስ ይለኛል።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት የያዘችኝ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ሳወራ ግን ሬዲዮ ይከፍት ነበር። ይመጣል ብዬ ያልጠበቅሁት ደስታ ፊቴን ሲያሞቀው ተሰማኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። «እስከ እሁድ ላስብበት» አልኳቸው።

ነገሩን ለሰናይት የዚያኑ ዕለት ነገርኳት። የጉደር ልጅ የሆነ እጮኛ ነበራት፤ የእሱ ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን ሊመጡ ቀን እየተቆረጠ ነው። ስትሰማኝ የያዘችውን የተማሪዎች ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ደጃፍ ለእናትም ለልጅም ሽማግሌ ሊመጣ ነው? የሰፈሩ ሰው እናትና ልጅ ተሽቀዳደሙ አይልም?»

«ይላል።»

«የእሱ ቤተሰቦችስ ምን ይላሉ? እናቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ኦቦ ፈይሳ ጥሩ ሰው ናቸው። እኔ እሳቸውን አልጠላሁም። ግን በዚህ ዕድሜሽ...» አለችና ቃሉን ሳትጨርሰው ተወችው። መጨረስም አላስፈለጋትም። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ ሰው ምን ይለኛል የሚባለውን በሽታ ከእኔ ነው የወረሰችው። ክርክሩን ያሸነፈችው እሷ ነበረች፤ ለኦቦ ፈይሳ የምሰጠውን የእንቢታ ቃል በልቤ እያሳመርኩ ሰነበትኩ።

እሁድ ደረሰ፤ ተሰበሰብን። ሦስተኛው ክፍል የሚያልቀው ሰዓት ጠጋኙ ኮቱን አስተኩሶ ዳቦ ጋጋሪዋን ሊጠይቅ ሲነሣ ነው። አምስተኛው ሲጀምር ደግሞ ሽማግሌው መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ውጭ ያያል፤ የልጅ ልጆቹ ዙሪያውን ይጫወታሉ፤ ፊቱ ላይ ጸጥታ አለ። ሴትዮዋ ቤት ውስጥ የለችም። በመካከሉ ያለው ክፍል ባኮ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ ኦቦ ለሚ። «ሰውየው አሰበበትና ተወው። ለልጆቹ ክብር ሲል ራሱን ገታ። ፊቱ ላይ ያለው ጸጥታ የህሊና ዕረፍት ነው።»

«ወላሂ፣ እኔም እንደዚያ ነው የገባኝ» አለ ሸምሱ። «ልጅ ካለ ምን ጎደለ? የልጅ ልጆቹ ዙሪያውን ከበውታል እኮ።»

ሰናይት ወደ እኔ ሳታይ ተናገረች። «ደራሲው ለማለት የፈለገው እርጅና የራሱ የሆነ ደስታ አለው ነው። የወጣትነትን ደስታ መሻማት የለበትም።»

ኦቦ ፈይሳ ጥግ ላይ ተቀምጠው አምስተኛውን ክፍል በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሁሉም እየተቀባበለ ሰውየውን አመሰገነ፤ እንዲህ ዓይነት አባት ይስጠን ተባለ። ኦቦ ፈይሳ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። እኔ ያዘጋጀሁት የእንቢታ ቃል ከእነዚህ ሰዎች ንግግር ጋር አንድ መሆኑን ስሰማ ተናደድኩ። እውነት ለመናገር የተናደድኩት በእነሱ አልነበረም፤ በራሴ ቃል ነው የተናደድኩት።

«አራተኛውን ያነበበ አለ?» አልኩ።

«የለም፤ ግን ከሦስተኛውና ከአምስተኛው ይታወቃል» አሉ ኦቦ ለሚ።

«እርስዎ ችሎት ላይ በነበሩ ጊዜ መዝገቡ ሳይሟላ ይፈርዱ ነበር?»

ሸምሱ ሳቀ። ኦቦ ለሚ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉ፤ ሲሸነፉ እንደዚያ ያደርጋሉ። «መዝገቡን ማን ያሟላል ታዲያ? ባኮ ቅርብ ነው?»

«እኔ አመጣዋለሁ። ለመጪው እሁድ ቀጠሮ ይያዝልኝ» አልኩ።

ስንወጣ ኦቦ ፈይሳ በሩ ላይ ጠበቁኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «የምትሄጂው ስለ መጽሐፉ ነው?» አሉኝ። «ስለ መጽሐፉ ነው» አልኳቸው። «ቶሌ፣ እሺ» ብለው ሄዱ። ምላሹን ለሌላ ሳምንት አቆዩልኝ።

ያን ጊዜ ኬላ ላይ የቀበሌ ደብዳቤ የሚጠየቅበት ወቅት ነበር። ሊቀመንበሩ የጉዞዬን ምክንያት ሲጠይቀኝ «የመጽሐፍ ክፍል ለማምጣት» አልኩት። ሰውየው ብዕሩን አንሥቶ ብዙ ካየኝ በኋላ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጻፈ። አላረምኩትም፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው እውነቱን የጻፈው።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጉደርን አልፈን ጌዶ እስክንደርስ ደህና ነበር። ጌዶ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጭጋጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገባና ቆመ። ወንዱ ሁሉ ወርዶ ገፋ፤ አልነቃነቅ አለ። ረዳቱ «ሴቶች ዛፍ ሥር ተጠለሉ፤ ምናልባት ወደ አምቦ የሚሄድ መኪና ይመልሳችኋል» አለን።

አንዲት ከኢጃጂ ነኝ ያለችኝ ሴት «ምን አስቸኩሎሽ ነው? ተመለሺ እንጂ» አለችኝ።

መመለስ እችል ነበር። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁና ከወንዶቹ ጋር ትከሻዬን ለአውቶቡሱ ሰጠሁት። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ረዳቱ «እማማ፣ ይቅርብዎት» ሲለኝ «እማማነቴ መኪና ከመግፋት አያግደኝም፤ ያንተን አፍ ተውና ድንጋይ አቀብለኝ» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ሳቁም ጉልበት ሆነ መሰለኝ፣ አውቶቡሱ ወጣ።

ባኮ የደረስኩት ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል ነው። ቆላው ሞቆ ጭቃው ቀሚሴ ላይ ደርቋል። ቶሎሳን የተከራየበት ግቢ አገኘሁት። ሲያየኝ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ምን ሆናችሁ? ሰናይት ደህና ናት?»

«ሁላችንም ደህና ነን። አራተኛውን ክፍል ስጠኝ።»

ወደ ቤት ገባና ከፍራሹ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። የሲሚንቶ ወረቀቱ ትንሽ ተጨማድዷል እንጂ ደህና ነው። «ስመጣ እመልሳለሁ እያልኩ ነው የቆየው፤ ይቅርታ» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ኦቦ ለሚ ምን ፈረዱ? እኔማ ሳነበው...» ብሎ ሊጀምር አፉን ከፈተ።

እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ጭቃ ለብሼ ቆሜ፣ ይህ የልጄ እኩያ የሆነ ልጅ «ጠየቃት» እንደሆነ ወይም «ተወው» እንደሆነ እስኪነግረኝ ትንፋሼን ይዤ እየጠበቅሁ ነበር። ብያኔ የሚነበብለት ተከሳሽ ነው የመሰልኩት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ከወረቀት ፈቃድ ልለምን ነው። ሰውየው ጠይቋት ከሆነ መጽሐፍ ፈቀደልኝ ልል ነው፤ ትቷት ከሆነ ደግሞ መጽሐፍ ከለከለኝ ብዬ ልመለስ ነው። ሁለቱም የእኔ ቃል አይደለም።

«አትንገረኝ» አልኩት።

«ለምን አልነግርሽም?»

«አላነበብኩም። ነገ ከሰው ጋር ነው የማነበው። ከዚያ በፊት ሌላ የምጨርሰው ነገር አለኝ።»

ቶሎሳ አልገባውም፤ አልጠየቀኝምም። ለአከራዩ ነግሮ ማደሪያ አዘጋጀልኝ፤ አራተኛዋ ክፍል ትራሴ ሥር አደረች። እጄ አንድ ሁለት ጊዜ ወደዚያው ሄዶ ነበር፤ ቀጣሁት። ማለዳ ከነቀምት የመጣ የጭነት መኪና አገኘሁና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ አምቦ ገባሁ።

ወደ ቤቴ አልሄድኩም። በቀጥታ ኦቦ ፈይሳ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ፤ እህታቸው ከጎጆ የላከችላቸው ድንች ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚልጠው ድንች ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። ሲያዩኝ ቢላዋውን ይዘው ተነሡ።

«አዴ ጥሩነሽ፣ ምነው እንዲህ ሆንሽ? ወደቅሽ?»

«መኪና ገፍቼ ነው። ጃርሳውን ይላኩ።»

ቢላዋው በእጃቸው እንዳለ ቆሙ። «መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አላነበብኩም።»

«ሳታነቢ ነው?»

«ሳላነብ ነው።»

ኦቦ ፈይሳ ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቢላዋውን ወደ ጎን አደረጉና ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እስከዚያ ቀን አላለቀስኩትም።

ቤት ስደርስ ሰናይት በጭንቀት ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ቀሚሴን እያየች ውሃ አሞቀችልኝ። እግሬን እየታጠብኩ ነገርኳት።

«እሺ ብያቸዋለሁ። የምጠይቅሽ ፈቃድ አይደለም። የምጠይቅሽ እንድትቀመጪልኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቤት ውስጥ ልጄ ሳትኖር መልስ መስጠት አልፈልግም።»

ጣሳውን አንሥታ ውሃውን ልትደፋ ወጣች። ወደ ስብሰባው አብረን ሄድን።

አዳራሹ ውስጥ አራተኛውን ክፍል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ኦቦ ለሚ «መዝገቡ ተሟልቷል» አሉ። እኔ ግን ከመነበቡ በፊት ተነሥቼ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ልናገር። ኦቦ ፈይሳ ለትዳር ጠይቀውኛል። እኔም ዛሬ ጠዋት እሺ ብያለሁ። ይህንን ክፍል እስካሁን አላነበብኩትም። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ምንም ይጻፍ ምን፣ የእኔ ነገር አልቋል። አሁን ይነበብ።»

ሸምሱ አፉን በእጁ ያዘ። ኦቦ ለሚ ወደ ኦቦ ፈይሳ፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ደግሞ ባለፈው እሁድ ወደተናገሩበት ወንበር አዩ። ድምፅ እያሰማች የምታነብልን ሁልጊዜ ሰናይት ነበረች፤ ክፍሉን አንሥታ ጀመረች።

ሰዓት ጠጋኙ ኮቱን ለብሶ ከቤቱ ይወጣል። መንገዱን ተሻግሮ ከዳቦ ጋጋሪዋ በር ይደርሳል። ከውስጥ እያንጎራጎረች ሁለት ስኒ ስታስቀምጥ ይሰማዋል፤ እንደሚመጣ ታውቅ ኖሯል። ሊያንኳኳ እጁን ያነሣል። ያን ጊዜ ትልቋ ልጁ «አባባ፣ ሰው ምን ይላል?» ያለችው ትዝ ይለዋል። እጁን ይመልሳል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩን እየጎተተ ይወስድና የሴትዮዋ በር በሚታይበት መስኮት አጠገብ ያደርገዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ቦታ አይቀመጥም።

ሰናይት «ሰው ምን ይላል» ላይ ስትደርስ መስመሩን በጣቷ ይዛ ወደ እኔ ቀና አለች። ከዚያ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችው።

«የህሊና ዕረፍት ነው ብዬ ነበር» አሉ ኦቦ ለሚ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ጸጸት ኖሯል።»

«እኔማ አመስግኜው ነበር» አለ ሸምሱ።

ሰናይት ክፍሉን ዘጋችና ለመጀመሪያ ጊዜ ኦቦ ፈይሳን በቀጥታ አየቻቸው። «ኦቦ ፈይሳ፣ ሽማግሌዎቹ መቼ ይመጣሉ?»

«አንቺ በምትዪው ቀን፣ ልጄ።»

«እንግዲያው በዚህ ሳምንት ይምጡ። የጉደሮቹ ቆይተው ይምጡ። የእናቴ ይቅደም።»

ሰው አወራ፤ ባይወራማ አምቦ አልነበረችም። እናትና ልጅ ተሽቀዳደሙ ተባለ። የሰናይት የወደፊት አማትም ፊቷን አጥቁራ ሰነበተች፤ በኋላ ግን ባሏ ሲሞትባት የመጀመሪያዋ አማካሪዋ እኔ ሆንኩ። ወሬው አንድ ክረምት እንኳ አልቆየም። እኔና ፈይሳ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ኖርን፤ እስኪሞት ድረስ ሳወራ ሬዲዮ ከፍቶብኝ አያውቅም።

አንባቢዎቼ፣ መጽሐፍ አታንብቡ አላልኳችሁም። ልጆቻችሁንም አማክሩ፤ ልጅ ሳያውቅ የሚደረግ ነገር ደስታውም ጎዶሎ ነው። ግን መልሳችሁን ከልጅም፣ ከዳኛም፣ ከመጽሐፍም አትጠብቁ። ሰው አውቆ ከሚፈርድባችሁ ይልቅ ሳያውቅ የሚፈርድባችሁ ይበዛል፤ ጸጥ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ደግሞ ደስ ብሏቸው ነው ይባላል፣ ትመሰገናላችሁም። እኔ ያንን ምስጋና ለሰዓት ጠጋኙ ሲሰጥ ሰምቼ ጣዕሙን አንድ ሳምንት ቀምሼዋለሁ።

ከተጋባን ብዙ ቆይተን አንድ ቀን ፈይሳ ድንገት ጠየቀኝ። «ጥሩነሽ፣ ባኮ ላይ ያንን ክፍል አንብበሽው ቢሆን ኖሮስ? ያው እሺ ትዪኝ ነበር አይደል?»

«እሺ እልህ ነበር» አልኩት። «ግን እስከ ዛሬ ድረስ፣ እሺ ያለህ እኔ ሳልሆን መጽሐፉ ይመስልህ ነበር።»